ደሴ የገባ ተማሪ ቅዳሜን የት ያሳልፍ?

"ደሴ ምን መዝናኛ አለ?" ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ከአዲስ ተማሪ ጋር አብሮ ግቢ ይገባል። እኔ የምሠራው ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ ሊመልሱ የመጡ ልጆች ቆም ይሉና ይጠይቁኛል። ከአዳማ የመጣውም፣ ሐዋሳ ያደገውም፣ የአዲስ አበባውም ያው ነው። ሲኒማ ይፈልጋሉ። ሞል ይፈልጋሉ። የሚፈልጉትን ሲያጡ ቅዳሜን ዶርም ውስጥ ተኝተው ስልካቸውን ሲነካኩ ይውላሉ። የትምህርት ዘመናቸው እንዲሁ አልቆ፣ ጦሳ ተራራን ከታች ብቻ አይተው ተመርቀው የሚሄዱ አሉ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ መልሱን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር ነው። የተማርኩትም እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እንጀራዬም እዚሁ ሆነ። ከተማዋን ስወዳት ከልቤ ነው።

ደሴን ለማያውቅ ሰው አቀማመጧን ልንገር። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በምዕራብ በኩል ጦሳ ተራራ ቆሟል። ከማዶ አዝዋ ገደል አለ። የቦርከና ወንዝ መሐሉን ይዞ ይወርዳል። ከተማዋ እዚህ መሐል ስለተቀመጠች ወደ ጎን መስፋት አልቻለችም፤ የተዘረጋችው በቁመት ነው። ደሴ ውስጥ ሜዳ ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። የሰፈር ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ዳገት ላይ ነው። ኳሷ ካመለጠች ሌላ ሰፈር ወርዶ መፈለግ ነው። ግን ይኸው አቀማመጥ አንድ ትልቅ ነገር ሰጥቶናል። ከየትኛውም ሰፈር ብትነሱ፣ ትንሽ ከተራመዳችሁ ከተማው አልቆ ተራራ ላይ ናችሁ። ሌላ ቦታ ሰው መኪና ተኮናትሮ የሚሄድበትን እኛ በእግር እንደርሳለን።

ደሴ ደግሞ የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተከፈቱት አንዱ ነው፤ አንዱ ግቢ እዚህ፣ ሌላው የቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ነው። መምህራን ኮሌጁ አለ፣ ጤና ሳይንስ ኮሌጁ አለ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ወይዘሮ ስሂን ነበር። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ በእሳቸው ስም ነው የተሰየመው። ስንት ትውልድ ፊደል ቆጥሮ ወጥቶበታል። ይህን ያህል ወጣት ባለበት ከተማ "ምንም የለም" ሲባል ስሰማ አልቀበልም።

ከተማ ውስጥ ያለውን አልንቅም። ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ፕሪሚየር ሊግ ባለበት ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። የአርሰናል ደጋፊና የማንቼ ደጋፊ እኩል ነው የሚሟገተው። ፑል አለ፣ ጆተኒ አለ። ሆጤ ሜዳ ደሴ ከተማ ሲጫወት ሄዶ መደገፍ አለ፤ እሱንስ ከቴሌቪዥኑ አስበልጣለሁ፣ ተጫዋቹን በስሙ እየጠራህ የምትጮህበት ጨዋታ ነውና። ማታ ማታ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ወክ ማድረግ አለ። ድንች በዳጣ የሚሸጡ እናቶች አሉ። ጀበና ቡና በየጥጉ አለ፤ ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል። አንድ ቀን ደግሞ አይጠየፍን እዩት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ እንደሚለው እዚያ ግብር ሲበላ ደሀ ከሀብታም አይለይም ነበር ይባላል።

እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ግን ዝናብ ላለበት ቀን ይሁኑ። ጠዋቱ ከጠራ መውጣት ነው፤ መውጣት ደግሞ ወደ ላይ።

ወደ ጦሳ የሚያወጡ መንገዶች ብዙ ናቸው። ማንም አላሠራቸውም። እንጨት ለቃሚው፣ ከብት ጠባቂው፣ ከማዶ ገበያ የሚመጣው ሰው በእግሩ ያወጣቸው ናቸው። እኔ የምወደው በማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ነው። በዚያ ሰዓት ከላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል። መንገድ ልቀቁላቸው። ሸክም የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ ከቆመ እንደገና መነሣት ይከብደዋል። ሰላም በሏቸው፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ በእኛ አገር ነውር ነው። "እንዴት አደራችሁ?" ትላላችሁ። "አልሐምዱሊላህ፣ አብሽሩ፣ ደርሳችኋል" ይሏችኋል፤ ገና ግማሹ ቢቀርም። ያቺ ቃል ግን እውነትም ጉልበት ትሆናለች።

መጀመሪያ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ሽታው ጠዋት ጠዋት ደረትን ይከፍታል። የደረቀ ቅጠሉ ግን ያንሸራትታል፤ በተለይ ስትመለሱ ተጠንቀቁ። ከባሕር ዛፉ በላይ ማሳው ይጀምራል። ገብስ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ባቄላ ነው። በመስከረም ጠርዙ ሁሉ አደይ አበባ ይሆናል። ማሳ ለማሳ አቋርጣችሁ አትሂዱ። በወሰኑ ዙሩ። የሰው ጉልበት ነው ያለበት። የባቄላ እሸት ካማራችሁ ባለቤቱን ጠይቁ፤ እምቢ ያለኝ ሰው አላስታውስም።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ በአንድ ጊዜ ሁለት አገር ታያላችሁ። በስተምዕራብ ገራዶ ከታች ተዘርግቷል፤ ማሳው፣ ጎጆው፣ ወንዙ። በስተምሥራቅ ደሴ ናት። ቆርቆሮው በፀሐይ ይብለጨለጫል። የሸዋ በር መስጊድና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሆነው ሲታዩ ጎረቤት ናቸው። ድምፁ ደግሞ ይገርማል። ከታች ያላችሁ ጊዜ የማትሰሙት ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል። አዛን ይሰማል፣ ደወል ይሰማል፣ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፣ ልጇን የምትጣራ እናት ሳትቀር ትሰማለች።

ከሁሉም ግን አሞራው ነው። ሰው በሕይወቱ አሞራን የሚያውቀው ከሆዱ በኩል ነው፤ አንጋጦ ስለሚያየው። ጦሳ ጫፍ ላይ ጆፌ አሞራ ከእናንተ በታች ያንዣብባል። ጀርባውን ታያላችሁ። ቡናማው ላባ በነፋስ ሲገለበጥ፣ የክንፉ ጫፍ እንደ ጣት ሲከፈትና ሲሰበሰብ ታያላችሁ። ክንፉን አያራግብም። ነፋሱ ተራራውን ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ሽቅብ ይወጣል፤ አሞራው የሚጋልበው እሱን ነው። አንዴ አንዱ በጣም ቀርቦን አለፈ። አንገቱን አዙሮ አየን። ዓይኑን አየሁት። ክንፉ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ፉጨት ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

የአክስቴ ልጅ ከአዳማ መጥታ ፍሬሽማን የገባች ጊዜ እንዲሁ ነበር የወሰድኳት። ግማሽ ሳንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

"ኧረ እታለም፣ ልቤ ልትወጣ ነው!"

"አብሽሪ። የሚያስቸኩለን የለም።"

"አንቺ ለምን አይደክምሽም?"

እኔ እዚሁ ስለተወለድኩ ነው። ይህን ለሁሉም አዲስ ተማሪ እነግራለሁ። በ2,500 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ጦሳ ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። ስንፍና አይደለም። ሰውነት ቀስ በቀስ ቀይ የደም ሴል እየጨመረ ይለምደዋል። ስለዚህ በገባችሁ ሳምንት ተራራ አትውጡ። ሁለት ሦስት ሳምንት በከተማው ዳገት ተለማመዱ። ውኃ ጠጡ። ስትወጡ እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ሂዱ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ራስ ምታቱ ከጠናና ማስታወክ ከተጨመረበት ወዲያው መውረድ ነው፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁን ከእኔ ትቀድማለች። የዶርሟን ልጆች ሰብስባ የምትወጣው እሷ ናት።

ሰዓቱም ዋና ነገር ነው። ጦሳ በምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ከጀርባው ትገባለች። ከ11 ሰዓት በኋላ ከተማው ጥላ ውስጥ ነው። ብርዱ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ወዲያው ነው። ጃኬት የሌለው ሰው ነጠላም ቢሆን ደርቦ ይምጣ። ከሰዓት በኋላ የሚወጣ ሰው በጨለማ ይወርዳል፤ ያንን ቅጠል በጨለማ መውረድ አልመክርም።

ዝናቡን ደግሞ እወቁት። ለእኛ ዝናብ ሁለቴ ነው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል፣ ዋናው ክረምት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ነው። በእነዚህ ወራት ጠዋቱ ጠርቶ ሊያታልላችሁ ይችላል። ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ተራራውን ይዞ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ደመና ሆኖ ያጉረመርማል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጫፍ ላይ አትቆሙ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠጉ። ውረዱ። ጉም ከሸፈናችሁ ደግሞ ባላችሁበት ቁጭ በሉ። የደሴ ጉም ሲመጣ ከፊታችሁ ያለው ሰው እንኳ ይጠፋችኋል። ብዙ ጊዜ ግን ይገልጣል። ገደል አካባቢ በጉም ውስጥ መንገድ የሚፈልግ ሰው ነው የሚጎዳው። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ማሳው ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ ሲሄድ በየሳምንቱ ሌላ አገር ነው የምታዩት።

ሴት ተማሪዎች ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ ሌላ ጥያቄ አለ። "አያስፈራም ወይ?" ይላሉ። እኔም ሴት ነኝ፣ ጥያቄው ይገባኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ "ሴት ልጅ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?" ትለኝ ነበር። መልሴ ይህ ነው። ብቻችሁን አትውጡ። ከአራት አምስት ሆናችሁ፣ በጠዋት፣ የት እንደምትሄዱ ለሚቀር ሰው ነግራችሁ ውጡ። ካለንበት ጊዜ አንጻር ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ ፀጥታው ጠይቁ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሏችሁ ይቅርባችሁ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ሱሪ፣ ጉርድ፣ ሒጃብ፣ ያላችሁት ሁሉ ይሆናል። ጫማው ብቻ የማያንሸራትት ይሁን። ውድ ጫማ አያስፈልግም። እረኞቹ በኮንጎ ጫማ ነው ሲሮጡ የሚውሉት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልናገር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል፤ የቤተ መጻሕፍቱን ባዶ መደርደሪያ ያየሁበትን ቀን ዛሬም ማውራት ይከብደኛል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተራራ መውጣት የሚል ሰው አልነበረም። በዙሪያችን ባሉ ጋራዎች ውጊያ ነበር። ስለዚህ የማታውቁትን ብረት መሬት ላይ ካያችሁ አትንኩ፣ በእግርም አትግፉ፣ ድንጋይም አትወርውሩበት። ቦታውን ለይታችሁ ተመለሱና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው ንገሩ። ከተለመደው የእግር መንገድ አትውጡ የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ መንገድ ካነሣሁ የሚያበግነኝንም ልናገር። ከልጅነቴ ጀምሮ የምንወጣበት አንድ መንገድ ነበር። አያቴ ገራዶ ዘመድ ልትጠይቅ የምትሄደው በእሱ ነበር። አንድ ድርጅት ቦታ ወስዶ ሲያጥር መንገዱን አብሮ አጠረው። ስሙን መጥራት አልፈልግም። ቦታውን በሕግ ወስዶ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ግን የሕዝብ ነበር። አሁን ሰው በጎርፍ ቦይ ዞሮ ነው የሚወጣው። እኛ ለመዝናናት የምንወጣው ሰዎች ብንዞር ምንም አይደለም። እነዚያ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ግን ክረምት ላይ በዚያ ጭቃ ሲወርዱ አይቻለሁ። አንዷ ወድቃ ሸክሟን ከላይዋ ያነሣንላት ቀን አለቀስኩ። የሰፈሩ ሰው ለሚመለከተው አካል አመልክቷል። የጠየቅነው አንድ ሰው ከነሸክሙ የሚያልፍባት ስፋት ብቻ ነው። እስካሁን መልስ የለም። ተራራ ያለው ከተማ መውጫውን ካጠረ ተራራው ፎቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቦታ የምትሰጡ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ካርታ ላይ መስመር ከመሳላችሁ በፊት አንድ ጠዋት መጥታችሁ በዚያ የሚያልፈውን ሰው እዩ።

ከጦሳ ቀጥሎ ተማሪዎችን የምልከው ሐይቅ ወደምትባለው ከተማ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባስ ከመናኸሪያ አይጠፋም። ሐይቅ ዳር የናፈቃችሁ የሐዋሳ ልጆች፣ ይኸው። ውኃው ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የሚወጣ ወንዝ የለውም። በመጀመሪያ ስታዩት ሰማያዊነቱ ያስደነግጣል። ደመና ሲያልፍበት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ የተጠበሰ ቆሮሶ በአዋዜ መብላት ለእኔ ከማንኛውም ሆቴል ይበልጣል። ዓሣውን ሙሉውን ጠብሰው ያመጡታል፤ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ በእጅ እየፈለፈሉ መብላት ነው። ዋና የማትችሉ ግን አትግቡ። የምትችሉም ራቅ አትበሉ። ዳሩ ጥልቅ አይመስልም፤ ጥቂት እርምጃ ሄዳችሁ መሬቱን ልታጡት ትችላላችሁ።

እዚያው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ ብዙ ሊቃውንት ያፈራ ገዳም ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው በዚያው ዘመን የተጻፈ ብራና እዚያ ይገኛል። እኔ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝና ያንን ብራና ባየው ምን እንደምሰጥ አላውቅም። ሴት ስለማይገባ ግን ከወንድሜ አፍ ነው የሰማሁት። ወንዶች፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ግቡ፤ ወጥታችሁ ለእኛ አጣርታችሁ ንገሩን። ጸጥታ የሚወድ ሰው ከሐይቅ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባለውን ሌላውን ሐይቅ ይጠይቅ። ሰው ብዙም አይሄድበትም። ምሳ ይዞ መሄድ ነው።

ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር። የደሴ ብርድ ሲያንገሸግሻችሁ ውረዱ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ስትወርዱ ጆሮ ይደፍናል፣ ጃኬት ይወልቃል። ከላይ ደግሞ የጎፍ ደን አለ፤ ጽድና ወይራ ያለበት የአገር በቀል ደን። ባሕር ዛፍ ብቻ እያየ ያደገ ሰው እዚያ ሲገባ ዱር ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ቦሩ ሜዳ ለኳስ ነው። በስተሰሜን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ስሙ እንደሚለው ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የጠሩት ትልቁ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደው እዚያ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ሲሄዱ ይህን እያነሱ ይከራከራሉ። የቀረነው ኳሱን እንለጋለን።

ስለ ማታው ሳልናገር ባልፍ ደሴን በደልኳት። ባቲና አምባሰል ቅኝት ሆነው አገር ሁሉ የሚዘፍንባቸው፣ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ቦታዎች ነው ያገኙት። ማሪቱ ለገሰን ሰምቶ ያደገ ሰው አምባሰል ሲጀመር ዝም ይላል፤ ቤታችን ውስጥ እንዲያ ነበር። የወሎ ላሊበላ ኪነት ድሮ በየአገሩ ሲዞር ይህን ነበር ይዞ የሚዞረው። ዛሬም ግቢ ውስጥ የባህል ምሽት ሲኖር አትቅሩ። ከኦሮሚያ፣ ከደቡብ፣ ከአፋር የመጣ ልጅ የራሱን ይጨፍራል፣ የወሎው ልጅ አንገቱንና ትከሻውን ይዞ ይገባል። በመውሊድ ሰሞን ደግሞ የሰፈር ጓደኛ ካላችሁ ወደ መንዙማ እንዲወስዳችሁ ጠይቁ። ድቤው ሲመታ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ ሌሊቱ መቼ እንደነጋ አይታወቅም። ቀሪቦ ይቀዳላችኋል። ከገብስና ከስኳር ነው የሚሠራው፤ አያሰክርም፣ ጥም ይቆርጣል። ክርስቲያን ነኝ ብላችሁ አትፈሩ። እኔ የማርያም ማኅበር ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት ነው ያደግኩት፤ የመውሊድ ቀን ግን ከጎረቤት ቤት አልጠፋም ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቅዳሜ ስለምንወጣ ነው። ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ የከተማ ልጅ፣ ማንም መምጣት ይችላል። ክፍያ የለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቧንቧ ውሃ እንገናኝና ወደ ጦሳ እንወጣለን፤ ከቀትር በፊት እንወርዳለን። ውኃ፣ ቆሎ ወይ ዳቦ፣ የሚደረብ ልብስ፣ ኮፍያ ያዙ። ፌስታልም ያዙ፤ ጫፉ አካባቢ የተጣለ የሃይላንድ ጠርሙስ በዝቷል፣ ስንወርድ እየለቀምን ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ይንገረኝ፤ ለእሱ የሚሆን ቀለል ያለ መንገድ አለ። ሌሊቱን ከዘነበ ጭቃው ስለማይፈቅድ ለእሁድ ይዛወራል።